የታመመው መሬት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መሬት ነው። ስለ መሬት ለገበሬ መንገር ለአንጥረኛ ስለ ብረት እንደ መንገር ነው ትሉን ይሆናል። እውነታችሁን ነው። መሬት ሲደክም እናንተ ታውቃላችሁ። የደከመውን መሬት ጦም ታሳድሩታላችሁ። ፍግ ትጨምሩበታላችሁ። ገብስ በነበረበት ባቄላ ትዘሩበታላችሁ። መሬቱም ያገግማል።

ነገር ግን መሬት ከድካም ሌላ ሕመም አለው። ይኸውም መመረዝ ነው። የደከመ መሬት ካረፈ ይነሣል። የተመረዘ መሬት ግን በማረፍ ብቻ አይድንም። ታዲያ በምን ይድናል? ከነጭራሹስ ይድናል ወይ? ወጪውንስ የሚችለው ማን ነው?

ይህን ለመመለስ አንድ በእውነት የሆነ ነገር እንነግራችኋለን። የሆነው ከአገራችን እጅግ ርቆ፣ በአሜሪካ ነው። ርቀቱ አያሳስባችሁ። የመሬቱ ሐኪሞች ከተጠቀሙበት መድኃኒት ዋናው ማረስና እንደ ፍግ ያለ ነገር መጨመር ስለ ነበረ፣ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጋዙ ፋብሪካ

በአሜሪካ፣ በምዕራቡ ዳርቻ፣ ሲያትል የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። በከተማይቱ መካከል ዩኒየን የሚባል ሐይቅ አለ። በሐይቁ በስተ ሰሜን ዳርቻ በ1906 አንድ የጋዝ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ቦታው ከ7 ሄክታር በላይ ነው። በእኛ ልማድ ወደ 30 ጥማድ ያህል ማለት ነው።

ጋዝ ስንል ለኩራዝ የምንገዛውን ላምባ ማለታችን አይደለም። እንደ አየር ያለ፣ የማይታይ፣ ግን የሚነድ ነገር ነው። እንዴት እንደሚወጣ እስቲ እናስረዳ። እናንተ ከሰል ስታከስሉ እንጨቱን ትከምሩና በሣርና በአፈር ትደፍኑታላችሁ። እንጨቱ አየር ስላጣ ቦግ ብሎ አይነድም። ይግላል፣ ይጨሳል። ያ ጢስ በከንቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የሲያትሉ ፋብሪካም ሥራው ከዚህ ጋር ይመሳሰል ነበር። ከመሬት የሚቆፈረውን የድንጋይ ከሰል በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ያግላል። ከከሰሉ የሚወጣውን ጋዝ ግን በከንቱ አይለቀውም። ያጥበዋል፣ ያጣራዋል፣ በቧንቧም ወደ ከተማው ይልከዋል። የከተማው ሰው በዚያ ጋዝ መብራት ያበራል፣ ምግቡን ያበስላል፣ ቤቱን ያሞቃል። ከ1937 ወዲህ ደግሞ ፋብሪካው በድንጋይ ከሰል ፈንታ ከነዳጅ ዘይት ጋዝ ማውጣት ጀመረ።

ጥቅሙ ይህ ነበር። ጥቅሙን አናቃልልም። በብርድ አገር ቤት ማሞቅ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሠራተኛም እንጀራውን ያገኘው ከዚያ ነው። ነገር ግን ጋዙ ከወጣ በኋላ ዝቃጭ ይቀራል። እንደ ሬንጅ ጥቁር የሆነ፣ የሚያጣብቅ ቅጥራን ይቀራል። ጥላሸት ይቀራል። የሚሸት ዘይት ይቀራል። ከዚህ ውስጥ የሚሸጠው ይሸጣል። የተረፈው በመሬቱ ላይ ይፈሳል፣ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፣ ወደ ሐይቁም ይወርዳል። በዚህ ቅጥራንና ዘይት ውስጥ ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለውን በሽታ የሚያመጡ ነገሮች አሉ።

ፋብሪካው ለምን ከሐይቅ ዳር ተተከለ? ትሉ ይሆናል። በዓለም ላይ ብዙ የድሮ ፋብሪካዎች የተተከሉት በውሃ ዳር ነው። ውሃ ዕቃ ለማጓጓዝ ይመቻል። የጋለውን ለማቀዝቀዝ ይመቻል። ቆሻሻ ለመድፋትም ይመቻል። ውሃ ሁሉን ዝም ብሎ ይቀበላል። እኛም ዝም ስላለ የወሰደው ይመስለናል። ግን አልወሰደውም። ከሥሩ አስቀምጦታል።

ፋብሪካው ሄደ፣ መርዙ ቀረ

ፋብሪካው 50 ዓመት ሠራ። በ1956 ግን ተዘጋ። የተዘጋው ስለ መርዙ ታስቦ አልነበረም። ከመሬት ውስጥ እንዳለ የሚወጣ ጋዝ በረዥም ቧንቧ ከሩቅ አገር ወደ ሲያትል ስለ መጣ ነው። አዲሱ ጋዝ ከመጣ በኋላ ከሰል ማጋል፣ ዘይት ማፍላት ዋጋ አጣ። እሳቱ ጠፋ። ሠራተኛው ወደየፊናው ሄደ። የብረት ማማዎቹ ብቻቸውን ቆመው ዛጉ።

ሥራ ሲያልቅ ሰው ይሄዳል። መርዝ ግን አይሄድም። የዘነበው ዝናብ ሁሉ በዚያ አፈር ውስጥ እያለፈ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር።

በ1962 የሲያትል ከተማ ቦታውን ለሕዝብ መናፈሻ ለማድረግ ገዛችው። ዋጋው 1,340,000 ዶላር ነበር። ከፍሎ ለመጨረስ እስከ 1973 ፈጀ። ለዚህ ግዢ ብዙ ከደከሙት አንዷ የከተማው ምክር ቤት አባል የነበሩት ወይዘሮ ሚርትል ኤድዋርድስ ናቸው። የሐይቁ ዳርቻ ለሕዝብ መሆን አለበት ብለው ተከራከሩ። በ1969 ግን በመኪና አደጋ ሞቱ። መናፈሻውም በስማቸው እንዲጠራ ታሰበ።

በ1970 ሥራው ሪቻርድ ሃግ ለሚባል የመናፈሻ ነዳፊ ተሰጠ። የብዙ ሰው ሐሳብ የዛገውን ብረት ሁሉ ነቅሎ መጣል፣ ቦታውን ሣርና አበባ ማልበስ ነበር። ሃግ ግን እንዲህ አላሰበም። ማማዎቹ ይቁሙ አለ። የቀድሞው ሥራ ምስክር ናቸውና ልጆቻችን ይዩዋቸው አለ። በዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሣ። የወይዘሮ ሚርትል ቤተ ሰቦች የዛገ ብረት ባለበት ቦታ ስማቸው እንዳይጠራ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተከበረ። በስማቸው የሚጠራው በሲያትል በሌላ የውሃ ዳርቻ ያለ መናፈሻ ሆነ።

በክርክሩ ማን ረታ የሚለው ለእኛ ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ነገር ከተማው በገዛ መሬቱ ጉዳይ በግልጽ መከራከሩ ነው። ብረቱ ደግሞ በዓይን ይታያል። የማይታየው ከእግር በታች ያለው ነበር።

የተመረዘ መሬት እንዴት ይታከማል?

የተመረዘ መሬት የሚታከምባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። እኛ ሦስቱን እንንገራችሁ።

አንደኛው መንገድ የተመረዘውን አፈር ዝቆ ማውጣት ነው። ይህ ጥሩ ይመስላል። ግን አፈሩ ወዴት ይወሰዳል? ከእኔ ጓሮ ወጥቶ የጎረቤቴ ጓሮ ውስጥ ቢደፋ መሬት ዳነ አይባልም። ስለዚህ የተዛቀ አፈር በልዩ ስፍራ መቀመጥ ወይም በእሳት መቃጠል አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ሁለተኛው መንገድ መድፈን ነው። በተመረዘው ላይ ንጹሕ አፈር ይለብሳል። ሰው አይነካውም፣ አቧራውም አይነሣም። ግን መርዙ ከሥር አለ። ስለዚህ የደፈነ ሰው ዘወትር ሊጠብቅ ግድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አፈሩ ራሱን እንዲያክም መርዳት ነው። ይህ እንዴት ይሆናል? በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ነፍሳት አሉ። የፍግ ክምር ስትቆፍሩ ውስጡ ሞቆ፣ እንፋሎት ሲወጣው አይታችሁ የለም? ያ ሙቀት የእነዚህ ነፍሳት ሥራ ነው። ጭድና ፋንድያውን እየበሉ ወደ አፈር ይለውጡታል። ከእነዚህ ነፍሳት አንዳንዶቹ ዘይትም ይበላሉ። ዘይቱን ፈትተው መርዝ ወደማይሆን ነገር ይለውጡታል።

ግን ሥራ በባዶ ሆድ አይሆንም። አየር ይፈልጋሉ። እርጥበት ይፈልጋሉ። በፍግ ውስጥ ያለውን፣ ሰብሉን የሚያወፍረውን ምግብም ይፈልጋሉ። የፋብሪካው መሬት ዘይት ሞልቶታል፤ ሌላው ሁሉ ጎድሎታል።

በሲያትል ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ አብረው ተሠሩ። የፈረሱት የፋብሪካ መሠረቶች ፍርስራሽ በአንድ ቦታ ተከመረ። በላዩም ንጹሕ አፈር ለበሰ። ትልቅ ኮረብታ ሆነ። የቀረው መሬት ወደ ግማሽ ሜትር ገደማ ታረሰ። ከከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ የወጣ ዝቃጭ፣ ሰጋቱራና ሌላም የሚበሰብስ ነገር ተጨመረበት። ማረሱ ለነፍሳቱ አየር ሰጣቸው። ዝቃጩ ምግብ ሰጣቸው። እነሱም ዘይቱን መብላት ያዙ። ከጊዜ በኋላ ምንም የማይበቅልበት ጥቁር መሬት ሣር አበቀለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ያ ዝቃጭ የተጨመረው ለመናፈሻ ሣር ነው እንጂ ለጎመን መደብ አይደለም። የሰው ዓይነ ምድር ሳይታከም በጓሮ አትክልት ላይ ቢደፋ በሽታ ያመጣል። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ዘዴውን እንዳለ መቅዳት ሳይሆን፣ አፈር ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ነው።

ደስታው፣ ከዚያም ድንጋጤው

መናፈሻው በ1975 ለሕዝብ ተከፈተ። የድሮው የእንፋሎት ቤት ጥላና ገበታ ያለበት ማረፊያ ሆነ። የጋዝ መጭመቂያዎቹ የነበሩበት ቤት ግድግዳው ተከፍቶ፣ መዘውሮቹ ቀለም ተቀብተው የልጆች መጫወቻ ሆኑ። ኮረብታው ላይ ሰዎች ከወረቀትና ከጨርቅ የተሠራ በራሪ በገመድ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ቤተ ሰብ ምሳውን ይዞ ይመጣል። ሽማግሌው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ያያል። ወላድ መካን ሆና ኖራ እንደገና እንደ ወለደች ያህል ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን አላለቀም።

በ1984 የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አፈሩን መረመረ። ነቀርሳ የሚያመጡት ነገሮች አሁንም አሉ። ያ ሁሉ ሰው የሚዝናናበት መናፈሻ ለጊዜው ተዘጋ። ሕዝቡ ደነገጠ። ልጆቻችን እዚህ ሲጫወቱ ኖረዋል እኮ! አለ።

ነገሩ ምን ሆነ? ቀላሉን ዘይት ነፍሳቱ በልተውት ነበር። ከባዱን ቅጥራን ግን ቶሎ ሊበሉት አይችሉም። ማረሻውም የደረሰው ግማሽ ሜትር ነው። መርዙ ደግሞ ከዚያ በጣም ጠልቋል። የቀበሩት ሁሉ አልሞተም።

ታዲያ ሰዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። የባሰበትን ቦታ ተጨማሪ ንጹሕ አፈር አለበሱት። መናፈሻውም እንደገና ተከፈተ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ሌላ ዘዴ ጨመሩ። አንጥረኛ በወናፍ አየር እንደሚነፋ ሁሉ፣ በቀጭን ቧንቧ ከመሬት በታች ወዳለው ውሃ አየር ነፉ። እንደ ቤንዚን ቶሎ የሚተነው መርዝ ከአየሩ ጋር ወደ ላይ ሲወጣ በሌላ ቧንቧ ስበው አጣሩት። ለጽዳቱም ከተማይቱና የፋብሪካውን ንብረት የወረሰው ኩባንያ ኃላፊ ተደረጉ።

የሐይቁ ሥርስ? ለ50 ዓመት የወረደው ቅጥራን ከሐይቁ ሥር ባለው ደለል ውስጥ ተቀምጧል። እሱን እንዴት እናጽዳው የሚለው ጥናት እስከ 2020ዎቹ ዓመታት ድረስ ዘልቋል። በመናፈሻው ዳርቻ መዋኘት የተከለከለ ነው። ማስታወቂያም ተተክሏል። ሣሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል። ነፋሱን መቀበል ይቻላል። እግርን ወደ ውሃው መንከር ግን አይፈቀድም።

ሒሳቡን እንሥራ

መደመርና መቀነስ ተምረናልና እስቲ አብረን እናስላ። ፋብሪካው ከ1906 እስከ 1956 ሠራ። ይህ 50 ዓመት ነው። ከ1956 እስከ 2020 ብንቆጥር 64 ዓመት ይሆናል። የሐይቁ ጽዳት ግን በዚያን ጊዜ ገና አላለቀም። ስለዚህ መርዙን ለማፍሰስ ከፈጀው ጊዜ ይልቅ መርዙን ለማጽዳት የሚፈጀው ጊዜ በለጠ።

ማንስ ከፈለ? በጋዙ ቤቱን ያሞቀው ትውልድ አብዛኛው አልፏል። በጋዙ ያተረፉትም አልፈዋል። የከፈሉት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? ነገሩ ይኸው ነው።

ደግሞም ሲያትል ሀብታም ከተማ ናት። መርማሪ አላት። ገንዘብ አላት። የወረሰውን ኩባንያ በሕግ የምትይዝበት ጉልበት አላት። ያም ሆኖ ይህን ያህል ደክማለች። አቅም የሌለው አገር ቢሆን ምን ይውጠው ነበር?

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

አንዳንዶቻችሁ፣ እኛ ፋብሪካ የለንም፣ ይህ ምን አገባን? ትሉ ይሆናል። ያገባናል። በአገራችንም ብዙ ፋብሪካዎች የተተከሉት በወንዝ አጠገብ ነው። የአዲስ አበባን ወንዞችና የአቃቂን ወንዝ ማየት ይበቃል። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የሚገባበት ያ ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ከብት ይጠጣዋል። ገበሬም ጎመንና ሰላጣ ያለማበታል። ያ ጎመን ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ስለዚህ የላዩና የታቹ፣ የከተማውና የገጠሩ ሰው በአንድ ውሃ የተሳሰረ ነው።

ፋብሪካ አይምጣብን አንልም። ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ልብስ ነው፤ ጫማ ነው፤ የእርሻ መሣሪያ ነው። ግን ሲመጣ ልንጠይቅ ይገባናል። ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? ከመውጣቱ በፊት ይጣራል ወይ? ዝቃጩ የት ይቀመጣል? ፋብሪካው አንድ ቀን ቢዘጋ ቦታውን የሚያጸዳው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ከመሠረቱ ድንጋይ በፊት መጠየቅ አለበት። መልሱም በቃል ሳይሆን በወረቀት መስፈር አለበት። ማንበብ የተማርነው እንዲህ ያለውን ወረቀት ራሳችን እንድናነበው ጭምር ነው።

በየቤታችንም ትንንሽ ፋብሪካ አለ። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ወይም በርሜል ውሃ መቅጃ አይሆንም። ጠላ መጥመቂያም አይሆንም። በአመድ ብናሸው፣ በፀሐይ ብናሰጣው፣ መርዙ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የተረፈውን መድኃኒት ወንዝ ውስጥ ወይም ጉድጓድ አጠገብ መድፋት የሲያትልን ስሕተት በትንሹ መድገም ነው። ዕቃውና ትራፊው ምን ይደረግ የሚለውን የልማት ሠራተኛውን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤

የተመረዘ መሬት ይድናል ወይ? ብለን ነበር የጀመርነው። መልሱ ይኸውላችሁ። ይድናል፤ ግን ቀስ ብሎ፣ በብዙ ወጪ፣ ጠባሳውን ይዞ ነው። አፈር ታጋሽ ነው። ብዙ ነገር በልቶ ይለውጥልናል። ሁሉን ግን አይችልም። እሱ ያልቻለውን የሚሸከሙት ልጆቻችን ናቸው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። ለመሬትም ይሠራል።

ከመለያየታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንተውላችሁ። በቤታችሁም፣ በዛፍ ጥላ ሥር ስትቀመጡም ተወያዩባቸው።

1. በእናንተ አካባቢ ውሃ የምትቀዱበት ምንጭ ወይም ወንዝ ከላይ በኩል ምን ይገባበታል?

2. የመርዝ ዕቃ በቤታችሁ ለምን ለምን ያገለግላል?

3. የአያቶቻችሁን መሬት እናንተ እንዴት ተቀበላችሁት? ለልጆቻችሁስ እንዴት ታስረክቡታላችሁ?